«አባዬ ፊቱ ለምን ደበዘዘ?» ልጅን ፎቶ ማጠብ ስለማስተማር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር አይደለም፤ ስለ ፎቶግራፍ ነው። «ፎቶ ደግሞ ምን ወሬ አለው? ስልክ አውጥቶ ጠቅ ማድረግ አይደለም እንዴ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ የማስበው እንደዚያው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ የዘጠኝ ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ በ2012 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም አረፈ። ልጁ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። መቼስ ለቅሶ ቤት ፎቶ ይፈለጋል። በዚያ ጥድፊያ አንድ ጓደኛው በቴሌግራም የላከልን ፎቶ ተገኘና፣ ከአምስት ሰው መሀል የእሱ ፊት ብቻ ተቆርጦ በትልቁ ታተመ። እስከ ዛሬ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው እሱ ነው። የራሱ ስልክ ደግሞ ስንትና ስንት ፎቶ በሆዱ ይዞ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መክፈቻውን የሚያውቅ የለም። ሞክረን ሞክረን ጭራሽ ቆለፍነው።

ታዲያ አንድ እሁድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ ልጅቷ ሶፋው ላይ ቆማ ፎቶውን ትኩር ብላ ስታየው ቆየችና፣

«እታለም፣ አባዬ ፊቱ ለምን ደበዘዘ? እንደዚህ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ባዶው ፖስታ

እናቴ ከጓዳ ስትመለስ አንድ የብስኩት ጣሳ ይዛ ነበር። ከውስጡ ያወጣችው ትንሽ የወረቀት ፖስታ ናት። የፎቶ ቤት ማኅተም አለባት፤ በእስክሪብቶ «4 ጉርድ»፣ ከሥሩ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ጎን «95» ተጽፎባታል። ወንድሜ በ1995 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ሲል የተነሳው ጉርድ ፎቶግራፍ ፖስታ ነው። ፎቶዎቹ አንዱ ፎርም ላይ፣ አንዱ መታወቂያ ላይ እየተለጠፉ አልቀው ፖስታው ብቻ ቀርቷል።

በዲጂታል ዘመን ለተወለዳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ ፎቶ ቤት ስትነሱ የሚሰጣችሁ ወረቀቱን ነው፤ ኔጋቲቩን ፎቶ ቤቱ በቁጥር ያስቀምጠዋል። በዓመቱም በሁለት ዓመቱም ፖስታውን ይዛችሁ ብትሄዱ ቁጥሩ ተፈልጎ ይባዛላችኋል። እናቴ ያንን ፖስታ ያልጣለችው «አንድ ቀን አባዛዋለሁ» ብላ ነው።

ፎቶ ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ባለቤቱም ዕቃቸውን ሰብስበው ልጃቸው ጋ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ሰው ጠይቄ፣ ሰው አጠያይቄ አገኘኋቸው። ሰባዎቹን ያለፉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ፖስታዋን ገልብጠው አይተው፣

«የእጄ ጽሑፍ ነው። ግን ልጄ፣ ቤቱ ሲፈርስ ኔጋቲቩን ግማሹን ጥዬዋለሁ። ማን ይመጣልኛል ብዬ? የቀረው በማዳበሪያ ጆንያ አልጋ ሥር አለ። ዕድልሽን ሞክሪ» አሉኝ።

ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ጆንያ ስንዘረግፍ ዋልን። ያገኘችው ልጅቷ ናት። ጋሼ ወደ መስኮት ይዘውት «ይኸው አባትሽ» ሲሏት አየችና ደነገጠች።

«ፀጉሩ ነጭ ነው! አባዬ ሽማግሌ ነበር?»

ጋሼ ሳቁ። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ አስረዷት። እኔ ግን አልሳቅኩም። ወንድሜ ሳይሸብት ነው የሞተው።

የእኔ ሐሳብ ኔጋቲቩን ስካን አስደርጌ፣ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ መገላገል ነበር። ጋሼ አልተስማሙም። «አንቺ ካወጣሽላት ሌላ የግድግዳ ፎቶ ነው የሚሆንባት። ራሷ ታውጣው። ሦስት እሁድ አምጪልኝ» አሉኝ። ፎቶ ማተሚያው ኢንላርጀር አንሶላ ለብሶ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ታሽጎ የቆየ የዱቄት ኬሚካልና ጊዜው ያለፈበት የጥቁርና ነጭ ወረቀት አንድ ካርቶን አላቸው። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በጥቁር ላስቲክና በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ቀይ አምፖል ገብቶለት ጨለማ ክፍል ሆነ።

የመጀመሪያው እሁድ፦ የአያት ዳንቴል

ጋሼ ልጅቷን በአባቷ ፎቶ አላስጀመሯትም። «ቤትሽ ካለው ዕቃ የምትወጂውን አምጪ» ብለዋት የእናቴን የቴሌቪዥን ዳንቴል ይዛ መጣች። (እናቴ እስከ ማታ ስትፈልገው ነበር።) በቀዩ መብራት ወረቀቱን አውጥተው፣ ዳንቴሉን ላዩ ላይ አንጥፈው፣ ነጩን መብራት ለጥቂት ሴኮንድ አበሩና አጠፉ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ነው።

«ምንም የለም!» አለች።

«አለ። አይታይሽም እንጂ አለ» አሏት።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሳህን፣ ዴቨሎፐር ወደሚባለው ውኃ ከተቱት። አንድ ሁለት እያለች ስትቆጥር፣ ሃያ ሳትደርስ ወረቀቱ ከዳር ጀምሮ ይጠቁር ገባ። ከጥቁሩ መሀል የዳንቴሉ አበባ ክር በክር ነጭ ሆኖ ወጣ። ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ቀረች። እኔም እንደዚያው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚሰማው የብር ጨው ተቀብቷል። ብርሃን የነካው ቦታ በዴቨሎፐር ይጠቁራል፤ ያልነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ዴቨሎፐሩ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆይበታል። ሁለተኛው ሳህን ማቆሚያ ነው፤ ቀጭን አሲድ ስለሆነ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሦስተኛው ፊክሰር ነው። ያልጠቆረውን ጨው አጥቦ ስለሚያወጣው፣ ከዚያ በኋላ ፎቶው መብራት ቢያይም አይጠፋም። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ደህና አድርጎ ማጠብ ነው። «ፎቶ ማጠብ» የምንለው እንዲያው የመጣ ቃል አይደለም።

ይህን ለመሥራት ካሜራም ኢንላርጀርም አያስፈልግም። ቁልፍ፣ ቅጠል፣ ማበጠሪያ ይበቃል። ልጅን በዚህ ማስጀመር ጥቅሙ ስህተት የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ወረቀት ላይ ያኖረችው ሁሉ የሆነ ነገር ሆኖ ይወጣል።

ግን አደራ! ኬሚካሉን የሚበጠብጠው ትልቅ ሰው ነው። ልጅ ጓንት ታጥልቅ፣ የዓይን መከላከያ ታድርግ፣ ወረቀቱን በመቆንጠጫ ትያዝ። ሳህኖቹ ወደ ማዕድ ቤት አይመለሱም፤ ኬሚካልም በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥም። ክፍሉ አየር ያግኝ፤ በየመሀሉ ወጣ ብሎ መተንፈስ ነው።

ፎቶና ልጅ የቆየ ወዳጅነት አላቸው

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ይገባታል?» ያለችኝ ጎረቤት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1900 ኮዳክ ኩባንያ «ብራውኒ» የተባለችውን የካርቶን ካሜራ በአንድ ዶላር ገበያ ላይ ሲያወጣት ለልጆች ብሎ ነው ያስተዋወቃት። በአገራችንም ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደበት ቤት አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ሙያውን ለልጆቹ አውርሶ፣ ልጁ ቶኒ ቦያጅያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ጋሼንም ጨለማ ክፍል ያስገቧቸው አጎታቸው ናቸው፤ ያኔ ዕድሜያቸው ከልጅቷ አይበልጥም ነበር።

ሁለተኛው እሁድ፦ የእኔ ጥፋት

ሁለተኛው እሁድ የሙከራ ቀን ነው። ኔጋቲቩ ኢንላርጀር ውስጥ ገባ። ብርሃኑ ስንት ሴኮንድ ይብራ የሚለውን ለማወቅ ሙሉ ወረቀት አይባክንም። ቁራጭ ወረቀት ተደርጎ በካርቶን እየሸፈኑ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት ሴኮንድ ብርሃን ያሳዩታል። ሲታጠብ እንደ መሰላል አራት ዓይነት ጥቁረት ይወጣል። ከዚያ የተሻለውን መምረጥ ነው።

እኔ ወረቀት እየቆረጥኩ ነው፤ ካርቶኑ ክፍት ነው። በዚህ መሀል መብራት ሄደ!

እናንተዬ፣ የአዲስ አበባ ሰው መብራት ሲሄድበት ምን ያደርጋል? እጄ ሳላዘው ኪሴ ገብቶ የስልኬን መብራት ቦግ አደረገው። «አጥፊው!» አሉ ጋሼ። ምን ዋጋ አለው! ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት ሁሉ ብርሃን በላ። ወረቀቱ አልቋል ማለት ነው።

ይባስ ብዬ ጮህኩ። ያውም በማን ላይ? በልጅቷ። «ካርቶኑን ክደኚ አላልኩሽም?» አልኳት። አላልኳትም ነበር። በጨለማው ውስጥ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣

«እታለም፣ ያበራሽው አንቺ ነሽ» አለች።

እውነቷን ነው። ቆይቼ ሳስበው የጮህኩት ለወረቀቱ አልነበረም። ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣሁት መስሎኝ ነው። እሷ ግን ያንን በምን ታውቃለች? ደረጃው ላይ ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅኳት። ጋሼ መጥተው፣ «ወረቀት ሁሌም ይቃጠላል። ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከተጮኸባት ግን ጨለማውን ነው የምትጠላው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዘወር ብለው፣ «ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ጥቁር ላስቲክ አለች። አምስት ወረቀት ናት። በሚቀጥለው እሁድ ያቺን ይዘን እንገባለን» አሏት።

ምክሬ ይኸው ነው፦ ከልጅ ጋር ጨለማ ክፍል ስትገቡ ስልካችሁን ውጭ ተዉት። ትዕግሥታችሁን ግን ይዛችሁ ግቡ።

ሦስተኛው እሁድ

ከአምስቱ አንዱን ለሙከራ ቆራረጥነው። አራቱ ጥቁረት ሲወጣ ጋሼ «የቱ ይሻላል?» ብለው ለእሷ ተዉላት። ስምንት ሴኮንዱ ሊሻል ይችል ነበር፤ እሷ አሥራ ሁለቱን መረጠች። ማንም «ተሳስተሻል» አላላትም። ደግሞ ከደስታዋ ብዛት አቆጣጠሯ ተንቀራፈፈና የመጀመሪያው ሙሉ ፎቶ እንደ ከሰል ጠቆረ። አየችው፣ አፏን አሞጠሞጠች፣ «በዛ» አለች። «እንግዲያው ቀንሺ» አሏት። በስምንት ደገመችው።

ወረቀቱ ሳህኑ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ የዩኒፎርሙ ኮሌታ። በመጨረሻ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ፈተና ያለበት የማይመስል፣ ሳቁን አፍኖ ከውኃው ሥር ቀና ብሎ አየን። ወረቀቱ ስላረጀ ነጩ ትንሽ ግራጫ ሆኗል። ፊቱ ግን ጥርት ያለ ነው። የግድግዳው ፎቶ ላይ ጆሮ መኖሩም አይታወቅም ነበር። እዚህ ግን ቁጭ ብሏል፤ ወደ ውጭ ገንጠል ያለ ጆሮ።

ልጅቷ ጓንት ባጠለቀ እጇ የራሷን ጆሮ ልትነካ ስትል ጋሼ «እጅሽን!» አሏት።

«የእኔ ነው» አለች። «ጆሮው የእኔ ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። እኔ በቀዩ መብራት እንባዬ የማይታይ መስሎኝ ነበር፤ ጋሼ ሶፍት አቀበሉኝ።

ጨለማ ክፍል ከየት ይምጣ ለምትሉ

የታወቀ ነው፣ ኢንላርጀር ያለው ሽማግሌ ሁሉም ሰው አያገኝም። ቁም ነገሩ ሳህኑ አይደለም። ልጅ ራሷ መርጣ፣ ጠብቃ፣ በእጇ የምትይዘው ፎቶ እንዲኖራት ነው። ይህን በስልክና በሠፈር ፎቶ ቤትም መሥራት ይቻላል።

አንደኛ፣ ልጁ በሳምንት የፈለገውን ያህል ያንሳ፤ የሚታተመው ግን አንድ ብቻ ይሁን። የሚመርጠው እሱ ነው፤ እናንተ «ለምን መረጥከው?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ አትምረጡለት።

ሁለተኛ፣ ፎቶውን ወደ ፎቶ ቤት በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። የወንድሜን ፊት ያደበዘዘው ይኸው ነው፤ የተጨመቀ ፎቶ፣ ከዚያ ላይ የተቆረጠች ትንሽ ፊት፣ ከዚያ በትልቁ ማተም። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲታተም 1200 በ1800 ያህል ፒክስል ይበቃዋል፤ ለኤ4 ወረቀት ግን 2480 በ3508 ያህል ያስፈልጋል። ልጁ ይህን በስልኩ የፎቶ ዝርዝር ላይ ራሱ ይመልከት፤ ሒሳብም ይማርበታል።

ሦስተኛ፣ ፎቶ ቤት ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ትዕዛዙን እሱ ይንገር። የስልክ መስታወት ከውስጥ ስለሚበራ ፎቶውን ያደምቀዋል፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ጠቆር ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ በትንሹ አሳትሞ አይቶ፣ ቀጥሎ ማስተካከል። ይህ የእኛ የአራት፣ ስምንት፣ አሥራ ሁለት መሰላል ታናሽ ወንድም ነው።

አራተኛ፣ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሳ ከጀርባው ይጻፍ። እስክሪብቶውን ግን አትጫኑት፤ በፊት በኩል ይወጣል።

አምስተኛ፣ ይህ ለትልልቆቹ ነው። ፎቶዎቻችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የስልካችሁንም መክፈቻ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። ሟርት አይደለም። መሳቢያችን ውስጥ ያለውን ስልክ ስለማውቀው ነው።

በመጨረሻ

ልጅቷ ለአያቷም አንድ ደገመችላትና አንድ ወረቀት ተረፈች፤ እስካሁን በጥቁር ላስቲኳ ውስጥ አለች። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ያዘችው። የደበዘዘውን ከግድግዳው ላውርደው ብላት «ተዪው፣ እሱም ስድስት ዓመት አብሮኝ አልቅሷል» አለችኝና አዲሱን ከጎኑ አደረገችው።

ልጅቷ ሁለቱንም አይታ አይታ ወደ አያቷ ዞረች።

«አሁን ደግሞ አያቴን እናንሳት። ሳትደበዝዝ» አለች።

እኔ ክው አልኩ። እናቴ ግን ሳቀችና ነጠላዋን ልታመጣ ተነሳች። በስልክ አሥራ አንድ ፎቶ አነሳቻት። እኔ ብሆን ቀጥ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ የተቀመጠችበትን እመርጥ ነበር። ልጅቷ የመረጠችው አያቷ አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቅበትን ነው። ፎቶ ቤት ሄዳ ራሷ አሳተመችው። ከጀርባው ቀኑን ጻፈችና «አያቴ ስትስቅ» የሚል ጨመረችበት።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።